ለኮንዶሚኒየም መስኮት የእንጨት የአትክልት ሳጥን፦ ብሎኬት ግድግዳ ይሸከመዋል ወይ?

የእማዬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። እናቴ ከእኛ ጋር ከገባች ስምንት ወር ሆናት። በፊት የነበረችበት ቤት ግቢ ነበረው። ቡና ሲፈላ ወጣ ብላ ጤና አዳም ቀንጥሳ ትመለሳለች፣ በሶብላውም ጦስኙም ከደጇ ነበር። አሁን ከጉልት ገዝቼ ነው የማመጣላት። እሷ ምንም አትልም፤ ግን ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ታች ስታይ አያታለሁ፣ ያኔ ሆዴ ይባባል።

በረንዳችን ልብስ ማስጫ ነው፣ ፀሐይም አያገኝም። ስለዚህ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ውጭ የእንጨት ሳጥን ሰቅዬ አፈር ሞልቼ ልተክልላት አሰብኩ። መስኮቱ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። ብረት ነው፣ ሁለቱም ክንፍ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ወደ ምሥራቅ ይዞራል። አንድ አናጢ አነጋገርኩ፤ በባሕር ዛፍ ጣውላ ሠርቼ በአራት ፊሸር (ግድግዳ ተበስቶ የሚገባ የብሎን መያዣ) ግድግዳው ላይ እመታልሻለሁ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም አለኝ። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ነው፣ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

እንጨቱ ባሕር ዛፍ ይሁን ወይስ ሌላ? ፊሸሩስ ይይዛል? ሠርታችሁ ክረምት ያሳለፋችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሆነላችሁ ንገሩኝ።


አናጢ ከኮተቤ

እህቴ፣ ለእናትሽ ያሰብሽው ነገር ደስ ይላል፣ ያቆይልሽ። ከ20 ዓመት በላይ እንጨት ላይ ነኝ፤ ስለ ሳጥኑ እኔ ልንገርሽ፣ ስለ ግድግዳው ደግሞ የግንባታ ሰው ይንገርሽ።

ባሕር ዛፍ አይሁን። ገበያ ላይ የምታገኚው አብዛኛው ሳይደርቅ በመጋዝ የተሰነጠቀ ነው። ዛሬ ቀጥ ብሎ ታይዋለሽ፣ ሁለት ወር ፀሐይ ሲመታው ይጣመማል፣ ይተረተራል፣ የገጠምሽው ሁሉ ይላቀቃል። ዝግባ ለመላግ ይመቻል ግን እርጥበት አይችልም። ዋንዛ ቆንጆ እንጨት ነው፣ ለአልጋና ለጠረጴዛ ነው የማስቀምጠው። ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው፣ አንድ ዝናብ አብጦ ይፈርሳል።

ጽድ ፈልጊ። ከድሮ ጀምሮ የአጥር እንጨት ጽድ የሆነው በምክንያት ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት ብስባሴም ምስጥም ያርቅለታል። ሽታውን ታውቂዋለሽ፣ እርሳስ ስትቀርጪ የሚሸተው ዓይነት ነው፣ የኛ ጽድ ውጭ አገር ለእርሳስ ሲያገለግል የኖረ እንጨት ነው። አዲስ ጽድ ማግኘት ይከብዳል፣ ደኑም ማለቅ የለበትም። እኔ የምሠራው ከፈረሰ ቤት በወጣ እንጨት ነው። አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣ የጽድ ጣውላና ቋሚ ላዩ ጠቁሮና ተበልቶ ታይዋለሽ፣ በመላጊያ ሁለት ሚሊ ስታነሺለት ግን ውስጡ ቀይ ሆኖ፣ ሽታው እንዳለ፣ ደርቆ የጨረሰ፣ ከዚህ በኋላ የማይጣመም እንጨት ነው የምታገኚው። ምስማሩን አስነቅለሽ አስልጊው። ያልተነቀለ ምስማር መጋዝም መላጊያም ይሰብራል።

ውፍረቱ ከተላገ በኋላ 2 ሳንቲ ተኩል ይሁን። ከዚያ ከሳሳ የእርጥብ አፈር ግፊት ጎኑን ያሳብጠዋል። ርዝመቱ ከመስኮቱ ትንሽ ቢያንስ ይሻላል፣ 1 ሜትር በቂ ነው። ከ80 ሳንቲ ከበለጠ መሐል ላይ የፊቱንና የኋላውን ጣውላ የሚያያዝ አንድ አግዳሚ ይግባበት።

በምስማር አታስመቺው። እንጨት ውጭ ሲውል ዝናብ ያሳብጠዋል፣ ፀሐይ ያኮማትረዋል፣ በዚያ መሐል ምስማሩ ቀስ በቀስ ራሱን ያወጣል። የማይዝግ ብሎን ይሁን፣ እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ሦስት። ጽድ ደግሞ መሰንጠቅ ይወዳል፣ ስለዚህ ከብሎኑ ቀጠን ባለ መሰርሰሪያ አስቀድሞ ቀዳዳ ይከፈትለት። ኮላም ካደረጋችሁ ውሃ የማይፈታው ዓይነት ይሁን፣ ነጩ ኮላ ውጭ አይቆይም።

የታችኛው ጣውላ በጎኖቹ መሐል ይግባ እንጂ ከሥር አይለጠፍ። ከሥር ከተለጠፈ ክብደቱ ብሎኑን በቀጥታ ወደ ታች ይጎትተዋል። በየ15 ሳንቲው 12 ሚሊ ቀዳዳ ብሱበት። የቀዳዳውን ነገር እንደ ቀላል አትዪው፤ ተበላሽቶ የሚመጣልኝ የአትክልት ሳጥን አብዛኛው የበሰበሰው ከላይ በዘነበበት ሳይሆን ከውስጥ መውጫ ባጣ ውሃ ነው።


ሳይት ላይ የዋለ

የግድግዳውን እኔ ልመልስ። ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፣ ሥራዬ ሕንፃ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ክብደቱን አስይው። 1 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ስፋት፣ 18 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ሳጥን 36 ሊትር አፈር ይይዛል። ውሃ የጠጣ አፈር በሊትር አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። 54 ኪሎ ሆነ። የእንጨቱን 10 ኪሎ ጨምሪበት፣ 65 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከግማሽ ኩንታል በላይ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ከረጢት ሲሚንቶና ሌላም ተጨምሮ ከመስኮትሽ ውጭ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ ልጆች አሉ ብለሻል።

ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ከልስኑ በኋላ የምታገኚው ሁለት ሦስት ሳንቲ የምትሆን ቅርፊት ናት፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ። ፊሸር የሚይዘው በዙሪያው ያለውን ነገር እየገፋ ነው፤ አርማታ ውስጥ ሲገባ የሚገፋው ነገር ስላለ ጥሩ ይይዛል፣ ብሎኬት ውስጥ ግን ወይ ባዶው ውስጥ ይንሳፈፋል ወይ ያቺን ቅርፊት ይሰነጥቃታል። የተሰቀለ ቀን ይይዛል። አናጢው ጎትቶ ያሳይሻል፣ አንቺም ታምኛለሽ። የሚነቀለው በኋላ ነው፣ ክረምት ላይ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ንፋስ ሲያወዛውዘው። ስለዚህ አራት ፊሸር የሚለውን ነገር ተዪው፣ በጭራሽ እንዳታስደርጊው።

ምን ይደረግ? ግድግዳውን በመዶሻ ቀስ ብለሽ መታ መታ እያደረግሽ ስሚው። ጉብ ጉብ የሚለው ብሎኬት ነው፣ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው አርማታ ነው። ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ከመስኮቱ አጠገብ ካለሽ ዕድለኛ ነሽ፣ ቢያንስ አንዱን ወገን እዚያ ላይ ማሰር ይቻላል። ከሌለ ግድግዳውን ከውጭ እስከ ውስጥ በስቶ ማለፍ ነው። ጥርስ ያለው ረጅም ብረት፣ 10 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ከውጭ የሳጥኑን መደገፊያ ይዞ ገብቶ በክፍሉ ውስጥ በ10 በ10 ሳንቲ ጠፍጣፋ ብረት ላይ በሮንዴላና በዳዶ ይታሰራል። ጠፍጣፋው ብረት ግፊቱን ሰፋ ላለ ቦታ ያከፋፍለዋል፣ ያኔ ቅርፊቷ ብቻዋን አትጎዳም። ከውስጥ የሚታየውን ቀለም ትቀቢዋለሽ። ዳዶውን ግን በኃይል አታጥብቁት፣ ብሎኬቱን ራሱ ይጨፈልቀዋል፤ ጠበቅ ሲል ይቁም፣ ሁለተኛ ዳዶ ይደረብበት።

ቀዳዳው ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቅዝቅ፣ ዝናቡ ወደ እናትሽ ክፍል እንዳይመጣ። ዙሪያውን ሲሊኮን ሙሉበት።

መደገፊያውን በተመለከተ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤል ቅርፅ ያለው አንግል ብረት ይበየድልሻል፣ ሳጥኑ የሚቀመጥበት አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ቋሚ፣ ሁለቱን የሚያያዝ ሰያፍ። ቋሚው ረጅም ይሁን። 65 ኪሎ ሸክም ከግድግዳው 13 ሳንቲ ርቆ ሲቀመጥ፣ ቋሚው 10 ሳንቲ ብቻ ከሆነ የላይኛውን ብሎን የሚጎትተው ኃይል በድምሩ 85 ኪሎ ያህል ይሆናል። ቋሚውን 30 ሳንቲ ስታደርጊው ወደ 28 ኪሎ ይወርዳል። ሸክሙ ያው ነው፣ የተለወጠው ርዝመቱ ብቻ ነው። በያጁ ብረት ለመቆጠብ ካሳጠረብሽ አትቀበዪው። ለ1 ሜትር ሦስት መደገፊያ አድርጊ፤ ሁለቱም ይበቃሉ፣ እኔ ግን ሰው በሚያልፍበት ላይ ሁለት ብቻ አላደርግም።

ሌላ፣ መስኮትሽ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው ብለሻል። ሳጥኑ ከመስኮቱ ደፍ እኩል ከተሰቀለ ክንፉ ተክሉን እየጨረሰ ነው የሚከፈተው። የሳጥኑ አፍ ከደፉ 20 ወይም 25 ሳንቲ ዝቅ ይበል።


ጀርባ ብሎክ

ሰላም። እኔ ምናለሽ ተራ ሄጄ የፓሌት (የዕቃ መጫኛ) እንጨት ገዝቼ ነው የሠራሁት፣ በጣም ረከሰልኝ። እንዳይበሰብስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጡንም ውጭውንም ቀባሁት። የገጠር ሰው የአጥር እንጨት እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ምንም አልሆነም። ጽድ ፍለጋ ለምን ትደክሚያለሽ?


አናጢ ከኮተቤ

ወንድሜ፣ ለአጥር እሺ። አጥር አይበላም። እሷ ግን የምትተክለው ጤና አዳምና በሶብላ ነው፣ እናቷ ቡና ላይ የሚያደርጉት፣ በርበሬ ውስጥ የሚገባ። የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ ያጠበውን ብረትና ቆሻሻ ሁሉ ይዟል፣ ውሃ በጠጣ ቁጥር ወደ አፈሩ ይወርዳል። አበባ ብቻ ተክለህ ከሆነ ግድ የለም፣ የሚበላ ካለበት ግን እባክህ አፈሩንም ሳጥኑንም ለውጠው።

ፓሌቱን አልጠላሁትም። ግን ማኅተሙን እያያችሁ ግዙ። ኤች ቲ (HT) የሚል ፊደል ያለበት በሙቀት ብቻ የታከመ ነው፣ ጥሩ ነው። ኤም ቢ (MB) የሚል ካለበት ተባይ እንዲሞት በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነው፣ አትንኩት። ማኅተም የሌለው ደግሞ ምን ሲጫንበት እንደኖረ አይታወቅም።

ለውጭው ገጽ የተልባ ዘይት ሁለት ሦስት ጊዜ እየደረቀ ይቀባ፣ ወይ ለውጭ የሚሆን ቫርኒሽ። ቫርኒሹ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ይታደስ፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ይልጠዋል። ተልባ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ አይጣል፣ ተዘርግቶ ይድረቅ። ታፍኖ ሲቀመጥ ራሱን ያግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ሱቄ ውስጥ አንዴ ጭስ ሲወጣ ደርሼበታለሁ።


ሁለተኛ ፎቅ

እኔ አትክልት ስለማልተክል ዝም ልል ነበር። ግን ከሥር ያለውን ሰውም አስቡት።

ከበላያችን ያሉ ሰዎች እንዲህ ዓይነት ሳጥን ሰቀሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ዓመት በዓል እንጠያየቃለን። ግን ውሃ ባጠጡ ቁጥር ቀይ ጭቃ ያሰጣሁት ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። የልጄን ነጭ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ስንት ጊዜ ደግሜ አጥቤያለሁ። መናገር ከበደኝ፣ ሦስት ወር ቆየሁ። በመጨረሻ ስነግራቸው ደነገጡ፣ ጭራሽ አላወቁም ነበር። ከሥሩ ቀጭን ላሜራ እንደ ትሪ አሠርተው አደረጉ፣ ጠርዙ ሦስት ሳንቲ የታጠፈ፣ በአንድ ጎን ዘንበል ብሎ በቀጭን ቱቦ ወደ ዝናብ መውረጃው የሚሄድ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ አላየሁም።

እህቴ፣ ከመስቀልሽ በፊት ውረጂና አንኳኪ። ከሥርሽ ያሉትን አነጋግሪ። የውጭ ግድግዳ ደግሞ የሁላችንም ነው፣ የቤቱ ባለቤት ብቻውን የሚበሳው አይደለም፣ ስለዚህ ለኮንዶሚኒየሙ ማኅበር በጽሑፍ አስታውቂ። ኋላ አንሱት ቢሉሽ የምታዝነው እናትሽ ናት።


የእማዬ ልጅ

በጣም ነው የማመሰግናችሁ። እንዲህ ብላችሁ ታግዙኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

የአናጢውን አራት ፊሸር ተውኩት። ሁለተኛ ፎቅ፣ የጻፍሽውን ሳነብ አፈርኩ፣ ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ነገ እወርዳለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሳጥኑ ከደፉ 25 ሳንቲ ዝቅ ካለ እማዬ እንዴት ታጠጣዋለች? ወገቧን ታማለች፣ ወደ ውጭ ጎንበስ እንድትል በፍጹም አልፈልግም። ሌላው ክብደቱን መቀነስ ይቻላል? 65 ኪሎ ስትሉኝ ደነገጥኩ።


የችግኝ ሰው

ለሁለቱም መልስ የሚሆን አንድ መላ አለ። አፈሩን ሳጥኑ ውስጥ አትሙዪው።

የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሰብስቢ። ከላይ ቆርጠሽ 18 ሳንቲ ያህል አስቀሪ፣ ሥሩን አምስት ስድስት ቦታ በጋለ ምስማር ብሺ፣ ግራና ቀኙን በስተሽ ጠንካራ ሽቦ እንደ ባልዲ ማንጠልጠያ አድርጊለት። እያንዳንዱን ተክል በየራሱ ጀሪካን ትተክያለሽ፣ ሳጥኑ ውስጥ በተራ ታስቀምጫለሽ። ከውጭ የሚታየው እንጨቱ ብቻ ነው። እንጨቱ አፈር ስለማይነካው ዕድሜው ይረዝማል፣ ክብደቱም በግማሽ ይወርዳል። እናትሽ ደግሞ ጎንበስ አይሉም፤ ጫፉ የታጠፈ ዘንግ ይኑራቸው፣ ማንጠልጠያውን ስበው ደፉ ላይ ያነሱታል፣ ያጠጣሉ፣ ይኮተኩታሉ፣ ይመልሱታል። ሐምሌና ነሐሴ በረዶ ሲመጣ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። እኔ ቤት በረዶ ባንድ ከሰዓት ሰላጣውን ሁሉ በጣጥሶት ያውቃል፣ ከዚያ ወዲህ ነው ወደ ጀሪካን የዞርኩት። ጀሪካኑን አስቀድመሽ ግዢ፣ ሳጥኑን በእሱ ልክ አስለኪ። ሳጥኑ ከተሠራ በኋላ አልገባ ቢል ያበሳጫል።

አፈሩን በተመለከተ ከግቢ የተቆፈረ ጥቁር አፈር ብቻውን አይሆንም። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከባድም ነው። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ቀይ አሽ። ቀይ አሽ ያ በቢሾፍቱ መንገድ ከኮረብታው እየተቆፈረ የሚወጣው ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ስለሆነ ሁለመናው ቀዳዳ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውሃም ይይዛል አየርም ያሳልፋል። አንፈሽ ደቃቁን ተዪው፣ ሽምብራ የሚያክለውን ውሰጂ። ጠጠር ከሥር አንጥፉ የሚሉ አሉ፣ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ሳደርግ ነበር፤ ግን ውሃው ከአፈሩ ወደ ጠጠሩ ቶሎ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ተጠራቅሞ ሥሩን ያበሰብሳል። ከአፈሩ ጋር ካልተደባለቀ ጥቅም የለውም።

መስኮትሽ ምሥራቅ መሆኑ መልካም ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ለሁሉም ይስማማል። ሌሎችም ስለምታነቡት ልጨምር፦ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ አያገኝም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፣ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ደመናው የሚከለክለን ሐምሌና ነሐሴን ነው።

ለእናትሽ ጤና አዳም መጀመሪያ ይተከል። ፀሐይ ይወዳል፣ ብዙ ውሃ አይወድም፣ የሚሞተው ሲያጠጡት ነው። ከጎረቤት ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ብትተክዪም ይይዛል። ፀሐይ ላይ ሲቀነጥሱት ፈሳሹ ቆዳ ላይ ከቀረ ያቃጥላል፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፣ ልጆች ካሉ እጃቸውን ይታጠቡ። ጦስኝ የደጋ ተክል ነው፣ ዝቅ ብሎ ስለሚሰራጭ የመስኮቱ ክንፍ አይነካውም። በሶብላ ብርድ አይወድም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ወደ ውስጥ አስገቡት። ሮዝመሪ እዚህ ሳጥን ውስጥ አላደርግም፣ ቁጥቋጦ ነው፣ ይረዝማል፣ መስኮቱን ይይዘዋል።


ሳይት ላይ የዋለ

የጀሪካኑ ነገር በጣም ጥሩ ነው። አምስት ጀሪካን ከነአፈሩ 25 ኪሎ ቢሆን ነው። መደገፊያውን ግን እንዳታሳሱት፣ ለ65 ኪሎ እንዳሰብነው ይሠራ። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ አፈር ሊሞላበት ይችላል።

አንድ የረሳሁት፦ ከሥር መደገፍ ብቻ አይበቃም። ሳጥኑ ራሱ ከእያንዳንዱ መደገፊያ ጋር በሁለት ብሎን ይያያዝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ቀጭን ሰንሰለት ወይም የሽቦ ገመድ ከሳጥኑ ሁለት ጫፍ ተነስቶ ከግድግዳው ውስጥ ከወጣው ብሎን ጋር ይታሰር፣ ከመስኮቱ ብረት ጋር አይደለም። አንድ ነገር ቢላቀቅ እንኳ ሳጥኑ ይንጠለጠላል እንጂ አይወድቅም። ጀሪካኖቹም ንፋስ ወይ ድመት እንዳይገለብጣቸው ከሳጥኑ ጠርዝ 5 ሳንቲ ዝቅ ብለው ይቀመጡ። ጠርዝ ላይ አንድ አግዳሚ ሽቦ ይወጠር።

በሳጥኑና በግድግዳው መሐል ደግሞ 2 ሳንቲ ክፍተት ይኑር። ከተጣበቀ ዝናብ እዚያ ይቀራል፣ ልስኑም እንጨቱም ይጎዳል። እሱን ስታደርጊ ሳጥኑ ከግድግዳው ይርቃል፣ ስለዚህ የመደገፊያው አግዳሚ 25 ሳንቲ ይሁን፣ 20 አይበቃም። ብረቱ ከመሰቀሉ በፊት አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ ይቀባ፣ በተለይ የተበየደበት። ከተሰቀለ በኋላ ከኋላ በኩል መቀባት አይቻልም።

ሲሰቀልም ባዶውን ይሰቀል። ከመስኮት ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይኑረው፣ ገመዱም ክፍሉ ውስጥ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ይታሰር። ከታች አንድ ሰው ቆሞ ልጆቹን ያርቅ። አይ ለአምስት ደቂቃ ነው የሚል ሠራተኛ ከሆነ ሌላ ፈልጊ።


ጀርባ ብሎክ

ስለ ዘይቱ ልክ ናችሁ። ቆስጣ ነበር የተከልኩበት፣ ስንበላው ኖረናል። ዛሬ ነቀልኩት፣ አፈሩንም ደፋሁት። ሌላ ሳጥን በጽድ እሠራለሁ። ከፈረሰ ቤት የሚወጣ ጽድ ወዴት አካባቢ እንደሚገኝ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ?


አናጢ ከኮተቤ

ቤት የሚፈርስበት ሰፈር ሄደህ አፍራሾቹን ጠይቃቸው፣ እንጨቱን እዚያው ነው የሚሸጡት። በቢላ ትንሽ ፍቀህ አሽትተው፣ ጽድ ከሆነ አትሳሳትም። ጫፉን ደግሞ በምስማር ወጋ አድርገው፣ ምስማሩ በቀላሉ ከሰመጠ ልቡ በስብሷል፣ አትግዛው።


የእማዬ ልጅ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ተሰቅሏል።

ከመስኮቱ በቀኝ በኩል ኮለን አገኘን፣ አንዱ መደገፊያ እሱ ላይ ነው፣ ሁለቱ ግድግዳውን በስተው አልፈዋል። ስንበሳው ብሎኬቱ በእርግጥ ባዶ ነበር፣ ድሪሉ ሁለት ሳንቲ ገብቶ ዝርግፍ አለ። ያንን ሳይ ፊሸሩን አስቤ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ጽዱን ካዛንቺስ አካባቢ ከፈረሰ ቤት ነው ያገኘሁት። ሲላግ ቤቱ በሙሉ ሸተተ፣ እማዬ መጥታ ቁራጩን አንስታ አሸተተችውና አጥራችን እንዲህ ነበር አለች።

ከሥራችን ያሉት ጎረቤታችን ላሜራውን ራሳቸው የሚያውቁት ሰው ጋ አሠሩልን። ማኅበሩም ሰንሰለት መኖሩን አይተው ፈቀዱ።

አምስት ጀሪካን ነው የገባው፦ ሁለት ጤና አዳም፣ ሁለት ጦስኝ፣ አንድ በሶብላ። ቦታውን የደለደለችው እሷ ናት። ጤና አዳሙ ከአልጋዋ ስትነሳ የሚታያት ጥግ ላይ ነው። ዘንጉን ግን አልተጠቀመችበትም፤ የድሮ ከዘራዋን አወጣች፣ በእጀታው እየሳበች ታነሳለች።

አንድ ነገር ብቻ፣ ከሁለቱ አንደኛው ጤና አዳም ከታች ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። እማዬ በየቀኑ ነው የምታጠጣው። ምን ላድርግ?


የችግኝ ሰው

ውሃው በዝቶበታል። ለአሥር ቀን ያህል አታጠጡት። ከዚያ በኋላ ጣት አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብቶ ደረቅ ከሆነ ብቻ ይጠጣ። እናትሽ በየቀኑ የሚያጠጡት ነገር እንዳያጡ በሶብላውን ስጪያቸው፣ እሱ ይጠማል። አንድ ጀሪካን ሰላጣም ጨምሪላቸው፣ እሱም ውሃ ይወዳል።